14 ለ 7ም ድል ነው፦ ለኦስቲኑ ወንድማችን ምላሽ

ኦገስት 30 ቀን 2025 ኦሃዮ ስቴት በሜዳው ኮሎምበስ ላይ ቴክሳስን 14 ለ 7 አሸነፈ። የኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል ወቅቱ ገና መከፈቱ ነበር። ጨዋታው ግን የመክፈቻ አይመስልም ነበር። ቴክሳስ የመጣው የዜና ወኪሉ ኤፒ በሚያወጣው የቡድኖች ደረጃ አንደኛ ተብሎ ነው። ወቅቱ ሳይጀመር አንደኛ ሲባል በታሪኩ የመጀመሪያው ነው። ኦሃዮ ስቴት ደግሞ ያለፈው ወቅት ሻምፒዮን ሆኖ ሳለ ሦስተኛ ላይ ነበር ያስቀመጡት።

ከጨዋታው በኋላ ኦስቲን የሚኖር አንድ ወንድማችን በአማርኛ ረዘም ያለ ጽሑፍ አወጣ። የቴክሳስ ደጋፊ ነው። ተናዷል፤ ይገባኛል። ሐሳቡ ባጭሩ ይሄ ነው። ቴክሳስ በጨዋታ በልጧል። የተሸነፈው ኳስ ወርዋሪው (ኳርተርባኩ) አርች ማኒንግ ቀኑ ስላልነበረ ነው። ኦሃዮ ስቴት በፍርሃት ተጫውቶ በዕድል አመለጠ። የኦገስት ድል ደግሞ ዋንጫው በሚወሰንበት ጃንዋሪ ላይ አይቆጠርም። መጨረሻ ላይ ወደ እኛ ወደ ሐበሾቹ ደጋፊዎች ዞሮ፣ ሚሊዮን በሚከፈላቸው ልጆች ጨዋታ ይሄን ያህል መንጫጫት ምን ይሉታል ብሎናል።

እኔ የምኖረው ኮሎምበስ ነው። የባካይስ፣ ማለትም የኦሃዮ ስቴት ደጋፊ ነኝ፤ ገለልተኛ ነኝ ብዬ አላስቅም። ግን ጽሑፉን ሁለቴ አነበብኩት። ብዙው ቁጥር ልክ ነው። ከቁጥሩ የተነሳው ድምዳሜ ነው ያልገባኝ።

ከያርዱ ልጀምር። ወንድማችን አጥብቆ የያዘው እሱን ነው። ቴክሳስ 336 ያርድ ሄደ፣ ኦሃዮ ስቴት 203። እውነት ነው።

ጨዋታውን ለማይከታተል አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። ኳስ የያዘው ቡድን አሥር ያርድ ለመሄድ አራት ሙከራ አለው። እያንዳንዱ ሙከራ ዳውን ይባላል። ሦስቱ ካልተሳኩ አብዛኛው አሰልጣኝ አራተኛው ላይ ኳሱን በእግር አስጠልዞ ያርቀዋል። ጎሉ ቅርብ ከሆነ ደግሞ ለሦስት ነጥብ ያስመታል። አራተኛውን ዳውን መድፈር ቁማር ነው። ካልሆነልህ ኳሱን እዚያው የቆምክበት ላይ አስረክበህ ትወጣለህ። ቴክሳስ ያን ቀን አምስት ጊዜ ደፈረ። የተሳካለት አንዴ ነው።

እንግዲህ ከነዚያ 336 ያርዶች ስንቱ በባዶ እጅ መመለሻ እንደሆነ ወንድማችን ራሱ ያስላው። ያርድ እንደታረሰ መሬት ነው፤ ጎተራ የሚገባው ግን የታጨደው ነው።

ያርዱ መቼ እንደመጣም መታየት አለበት። ማኒንግ በመጀመሪያው አጋማሽ በውርወራ ያገኘው 26 ያርድ ብቻ ነው። ጨዋታውን በ170 ጨረሰ። ቀሪው 144 ከእረፍት በኋላ ነው የመጣው። አራተኛው ሩብ ሲጀመር ኦሃዮ ስቴት 14 ለ 0 መራ። ሁለት ታችዳውን (ኳሱን ይዞ የጎሉን መስመር ማለፍ) የሚመራ ዲፌንስ፣ ማለትም የመከላከል ክፍል፣ አጨዋወቱን ይቀይራል። አጭሩን ይሰጣል፣ ረጅሙን ይከለክላል፣ ሰዓቱን ያስበላል። ያኔ የሚገኝ ያርድ አብዛኛውን ጊዜ ሆን ተብሎ የተሰጠ ያርድ ነው። ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ሲቀር ቴክሳስ በ32 ያርድ ውርወራ ታችዳውን ማስቆጠሩን አልክድም። ያችን ጊዜ እኔም ተቀምጬ መቆየት አልቻልኩም።

አሁን ወደ አንዷ ያርድ እንምጣ። ጨዋታውን የወሰነችው እሷ ናት፤ ወንድማችን ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያለፋት።

ሦስተኛው ሩብ ነው። ውጤቱ 7 ለ 0። ቴክሳስ የኦሃዮ ስቴት የጎል መስመር አፍንጫ ስር ደርሷል። አንድ ያርድ ቀረው፤ ዳውኑም አራተኛ ነው። አሰልጣኙ ስቲቭ ሳርኪሲያን ሦስት ነጥብ ይበቃኛል አላለም። ማኒንግ ኳሱን ራሱ ይዞ በመሃል ገፋ። ማኒንግ ደግሞ ደቃቃ ልጅ አይደለም፤ ቁመቱ 6 ጫማ ከ4 ኢንች ነው። አልገባም። ከ107 ሺህ በላይ ሰው ስታዲየም ውስጥ ነበር። ጩኸቱን በቴሌቪዥን እንኳን ሰምታችሁታል።

ወንድማችን ይሄን ዕድል ይለዋል። እሺ፣ አንዴ ቢሆን ዕድል እንበለው። የ2025 ጃንዋሪስ?

የኮተን ቦውል ግማሽ ፍጻሜ ነበር። ቡድኖቹ እነዚሁ ናቸው። ኦሃዮ ስቴት 21 ለ 14 ይመራል፤ ሰዓቱ እያለቀ ነው። ቴክሳስ አንድ ያርድ ላይ ቆሟል። በመሃል እንደመግፋት ኳሱን ወደ ጎን አወጡትና ሰባት ያርድ ወደ ኋላ ተመለሱ። አራተኛው ዳውን ላይ የእኛው ጃክ ሶየር የቴክሳሱን ኳርተርባክ ኩዊን ኢወርስን ደርሶበት ኳሱን አስጣለው። ራሱ አነሳው። 83 ያርድ ሮጦ አስገባው። 28 ለ 14 ተጠናቀቀ።

ዛሬ ሶየር የለም። ኢወርስም የለም። ሁለቱም ወደ ፕሮፌሽናሎቹ ሊግ ወደ ኤንኤፍኤል ሄደዋል። ሰዎቹ ተቀያይረዋል፤ ያርዷ ግን ያችው ናት። አንድ ቡድን በስምንት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ አንድ ያርድ ላይ ደርሶ ሁለቱንም ጊዜ ባዶ እጁን ከተመለሰ፣ እዚያ ቦታ ላይ የሚቆሙት ልጆች የሚያውቁት ነገር አለ ማለት ነው።

የሚያስተምራቸውም ሰው አለ። ጂም ኖልስ በ2024 ወቅት ዲፌንሱን ሻምፒዮን አድርጎ ወደ ፔን ስቴት ሄደ። በቦታው ማት ፓትሪሺያ መጣ። ይህ ሰው የኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ የዲፌንስ አስተባባሪ ነበር። ፌብሩዋሪ 2015 በሱፐር ቦውል ሲያትል አንድ ያርድ ላይ ደርሶ፣ ማልኮም በትለር ኳሱን የነጠቀው በእሱ ጊዜ ነው። አንድ ያርድ ላይ ምን እንደሚደረግ ለፓትሪሺያ የሚነግረው ሰው አያስፈልግም። በእርግጥ ዲትሮይት ላይ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ አልተሳካለትም። ሲቀጠርም ደጋፊው ሁሉ እልል አላለም። ደግሞም የተረከበው ሙሉ ቡድን አይደለም። የኤንኤፍኤል ክለቦች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት በ2025 ድራፍት ከኦሃዮ ስቴት 14 ተጫዋቾች ተመርጠው ሄደዋል፤ የትምህርት ቤቱን ሪከርድ የሚስተካከል ቁጥር ነው። ከዲፌንሱ ቋሚዎች የቀሩት ሦስት ነበሩ፦ ኬለብ ዳውንስ፣ ሶኒ ስታይልስና ዴቪሰን ኢግቢኖሰን። አዳዲሶቹን ከነዚህ ጋር አቀናጅቶ፣ በመጀመሪያ ጨዋታው አንደኛ የተባለውን ቡድን ሰባት ነጥብ ላይ ማቆም ዕድል ከተባለ፣ እኔ እንዲህ ያለው ዕድል በየሳምንቱ ይምጣልኝ።

ስለ ማኒንግ የተጻፈው ላይ ደግሞ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚባለው ነገር ይታየኛል። ወንድማችን ዲፌንሱን ማመስገን አቅቶት ልጁን ይወቅሳል። ማኒንግ ከ30 ውርወራ 17ቱን አሳካ፣ አንድ ታችዳውን፣ አንድ የተነጠቀ ኳስ። መጥፎ ነው? ጥሩ አይደለም። ግን ቀኑ በራሱ አልከፋም፤ ያከፉበት ሰዎች አሉ። የፓትሪሺያ ልጆች ኳሱ ከመነሳቱ በፊት አንድ አሰላለፍ ያሳዩታል። ኳሱ ሲነሳ ወደ ሌላ ይቀየራሉ። ወጣት ኳርተርባክ ያየውንና ያሰበውን እስኪያስታርቅ ድረስ ጊዜው ያልቅበታል። ጀርሜይን ማቲውስ የነጠቀው ኳስም ከዚያው የመጣ ነው።

ስለ ልጁ አንድ ነገር ልበል። አያቱ አርቺ፣ አጎቶቹ ፔይተንና ኢላይ ናቸው። ስሙ ቀድሞት ነው የሚሄደው። ከዚህ በፊት ለቴክሳስ ጨዋታ የጀመረው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱም በገዛ ሜዳው። በሰው ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጀምር ኮሎምበስ ላይ ሆነበት። ሚዲያው በጋውን ሙሉ ሰማይ ሰቅሎት ነበር፤ አሁን ደግሞ ከመሬት እየደባለቀው ነው። የሚያሳዝነው የቴክሳስ ደጋፊም አብሮ መደባለቁ ነው። እኛ የሌላ ቡድን ሰዎች ነን፤ ግን ልጁ ገና እንደሚያስቸግረን አልጠራጠርም።

የመጨረሻዋን ሙከራም ጽሑፉ ረስቷታል። ቴክሳስ 14 ለ 7 ከሆነ በኋላ ኳሱን መልሶ አገኘ። አራተኛ ዳውን ሆነ፤ አምስት ያርድ ያስፈልጋል። ማኒንግ ወረወረ፤ ጃክ ኤንድሪስ ተቀበለ። ውርወራው ተሳክቷል። ግን ኬለብ ዳውንስ ደርሶ እዚያው ጣለው። የምታስፈልገው ያርድ አልሞላችም። እዚህ ላይ ማኒንግ ምን አጠፋ? ምንም። ዳውንስ ነው የሠራው።

ፈሪ ነበራችሁ ለሚለው ግማሽ መልስ አለኝ። ግማሹን ለወንድማችን እተውለታለሁ። የእኛ ኦፌንስ፣ ማለትም የማጥቃት ክፍሉ፣ አያምርም ነበር። ጀርማያ ስሚዝ የሚባል በኮሌጅ ደረጃ ወደር የሌለው ተቀባይ ይዘን ያገኘው 43 ያርድ ነው። ይሄን እኔም አልወደድኩትም።

ግን አሰልጣኝ ራያን ዴይ ማንን ይዞ እንደገባ እናስታውስ። ኳርተርባካችን ጁልያን ሳይን በኮሌጅ ጨዋታ ሲጀምር ይህ የመጀመሪያው ነበር። መጀመሪያ አላባማ ነበር የገባው። ጃንዋሪ 2024 ላይ የአላባማው አሰልጣኝ ኒክ ሳባን ጡረታ ሲወጣ ወደ እኛ መጣ። ዳውንስም በዚያው ሰሞን ከዚያው ነው የመጣው። ለአላባማ ደጋፊዎች አዝናለሁ፤ ብዙም ባይሆን። ይህ ልጅ ከ20 ውርወራ 13ቱን አሳካ፣ 126 ያርድ፣ አንድም አልተነጠቀበትም። አራተኛው ሩብ እንደገባ ለካርኔል ቴት የወረወራት የ40 ያርድ ኳስ ታችዳውን ሆነች። ከዚያ በፊት ሲጄ ዶናልድሰን ከአንድ ያርድ ገፍቶ አስገብቷል። አዎ፣ አሁንም አንድ ያርድ። እኛ ገባን፣ እነሱ አልገቡም።

ዲፌንስህ ማንንም እንደማያስገባ ካየህ፣ አዲስ ልጅህን ቀኑን ሙሉ ለአደጋ ማጋለጥ ድፍረት አይባልም። ዴይ አስልቶ ነው የተጫወተው። መሳሳት የሌለበት ልጅ እንዳይሳሳት አደረገ፤ አንዷን ትልቅ ውርወራ ጊዜዋን ጠብቆ አወጣት። በኖቬምበር 2024 ሚሺጋን እዚሁ ሜዳ ላይ 13 ለ 10 ሲያሸንፈን ይኸው ቁጥብ አጨዋወት ነበር፤ ያኔ ግን ኳሱ ሁለት ጊዜ ተነጥቆብናል። ቁጥብ ተጫውተህ ኳሱን ከሰጠህ ትሸነፋለህ። ቁጥብ ተጫውተህ ኳሱን ካልሰጠህ 14 ለ 7 ታሸንፋለህ። ውበቱ ላይ እንከራከር፤ ስሌቱ ላይ ግን ወንድማችን የሚለው ነገር ያለው አይመስለኝም።

ወንድማችን በመሃል ሊ ኮርሶንም ተቀይሟል። ኮርሶ የስፖርት ቴሌቪዥኑ ኢኤስፒኤን የቅዳሜ ጠዋት ዝግጅት ሽማግሌ ነበር፤ ያሸንፋል የሚለውን ቡድን የሚያሳውቀው የቡድኑን ምልክት ጭንብል በማጥለቅ ነው። በ90 ዓመቱ ያን ቀን ተሰናበተ። ለመጨረሻ ጊዜ ያጠለቀው የእኛን ምልክት የብሩተስን ጭንብል ነው። ይሄ አድልዎ ነው ይላል ጽሑፉ። ሰውዬው ጭንብል ማጥለቅ የጀመረው በ1996 እዚሁ ኮሎምበስ ላይ ሲሆን፣ ያኔም ያጠለቀው ብሩተስን ነበር። በጀመረበት መጨረሱ ነው። ደግሞ ያን ቀን የገመታቸው ስድስቱም ጨዋታዎች እንዳለው ሆነዋል። የሚቀየሙት ሰው አይደለም።

የኦገስት ድል ጃንዋሪ ላይ አይቆጠርም የሚለው ነጥብ ይበልጥ ጠንካራ ነው። እኔ ራሴ ማስረጃ ልጨምርለት እችላለሁ። በ2014 ሁለተኛ ጨዋታችን ላይ ቨርጂኒያ ቴክ በሜዳችን 35 ለ 21 ቀጣን። ያን ወቅት ዋንጫውን የወሰድነው እኛ ነን። በ2024 ወቅትም ሁለት ጊዜ ተሸንፈን፣ ለዋንጫው ጥሎ ማለፍ ከ12ቱ ቡድን ስምንተኛ ሆነን ገብተን፣ ቴነሲን፣ ኦሪገንን፣ ቴክሳስንና ኖተር ዳምን በተራ አሸንፈን ሻምፒዮን ሆነናል። ስለዚህ አንድ ሽንፈት ማንንም አይገድልም። ቴክሳስ ከዚህ ጨዋታ በኋላ ከአንደኛ ወደ ሰባተኛ ወረደ፣ እኛ አንደኛ ሆንን፤ ይህ ደረጃ ግን ኖቬምበር ላይ ምንም አይገዛም።

እስከዚህ አንለያይም። ግን ድል ዋጋ የሚኖረው ዋንጫ ሲያስገኝ ብቻ ነው ከተባለ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሴፕቴምበር 10 ቀን 2005 ምን ሆነ? ቴክሳስ ኮሎምበስ መጥቶ 25 ለ 22 አሸነፈን። ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ሲቀር ቪንስ ያንግ ለሊማስ ስዊድ የወረወራት የ24 ያርድ ኳስ ናት የቀበረችን። የቴክሳስ ሰዎች ይህችን ኳስ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያወሯት ነው የኖሩት። እያንዳንዷን እርምጃ ያውቃሉ። መቼም የኦገስት ድል ከንቱ ከሆነ የሴፕቴምበሩም ከንቱ መሆን ነበረበት። በዓመቱ እኛ ኦስቲን ሄደን 24 ለ 7 መለስንላቸው። እስከ ዋንጫው ደርሰን በፍሎሪዳ 41 ለ 14 ተደቆስን። የፍሎሪዳው ውጤት የኦስቲኑን ሌሊት ከማንም ደጋፊ ልብ አላጠፋውም።

የወቅቱ መጀመሪያ ጨዋታ ሌላም ሥራ አለው። ማን እንደሆንክ የምታውቀው ያኔ ነው። በጋውን ሙሉ ሁሉም ሰው ይገምታል። አዲሱ ኳርተርባክ ይችላል? አዲሱ አስተባባሪ ይሆናል? ኦገስት 30 ጠዋት ኮሎምበስ ውስጥ ይህን በእርግጠኝነት የሚመልስ ሰው አልነበረም። ማታ ላይ ግን ስለ ዲፌንሱ መልሱ ተገኝቷል። ስለ ኦፌንሱ ገና ነው። ለአንድ ቅዳሜ ይሄ መቼ አነሰ?

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ መክፈል ተፈቅዶላቸዋል፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ይህን የምትከፍለው ኦሃዮ ስቴት ብቻ አይደለችም፤ ቴክሳስ በሀብት ከማን አንሳ። ስታዲየም ሞልቶ፣ የቴሌቪዥን ውል ተፈርሞ፣ አሰልጣኝ ሚሊዮን ሲቆጥር ማንም አላጉረመረመም። ጉልበቱን የሚከፍለው ልጅ ሲከፈለው ነው ጨዋታው የረከሰው? ይሄን ክርክር ከቴክሳስ ደጋፊ አልጠበቅኩም።

ሐበሾች ምን አገባችሁ የሚለውን ግን ዝም ብዬ አላልፍም። ኮሎምበስ ውስጥ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ሲገቡ ከፊደል እኩል የሚማሩት የኦ-ኤች-አይ-ኦውን ጩኸት ነው። አንዱ ኦ-ኤች ሲል ሌላው አይ-ኦ ይላል። ሱፐርማርኬት ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ነዳጅ ማደያ ላይ ትሰማዋለህ። ዩኒቨርሲቲው የከተማው ነው። ልጆቻችን እዚያ ይማራሉ፤ ወገኖቻችን በሆስፒታሉ ይሠራሉ። ቅዳሜ ቡና ሲፈላ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ይኸው ነው። እናቶች ሕጉን አያውቁትም፤ ሚሺጋንን ግን አይወዱም። ስንት ሐበሻ ነው እንግሊዝን ሳያያት ስለ አርሰናል እንቅልፉን የሚያጣው? እሱን ማንም ምን አገባህ ብሎት አያውቅም። እኛ እንኳን የምንጮኸው በአጠገባችን ስላለ ሜዳ ነው። ወንድማችንም ቢሆን ኦስቲን ባይኖር ኖሮ ይሄን ሁሉ ገጽ ለማኒንግ አይጽፍም ነበር።

የመልሱ ጨዋታ ቀን ተቆርጧል። ሴፕቴምበር 12 ቀን 2026፣ ኦስቲን። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2 ነው፤ የእንቁጣጣሽ ማግስት። ወንድማችን የበዓሉን ዶሮ ካላስጨረሰ ከኮሎምበስ የምንመጣ ሰዎች አለን። ስንመጣም ቀይ ለብሰን ነው።